ከቁስሉ ፋሻው ሲብስ

ክረምት መውጫ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያነክስ ውሻ ማየት ብርቅ አይደለም። ጎርፉ ከላይ ሰፈር ጠርጎ ያመጣውን የጠርሙስ ስባሪና የቆርቆሮ ቁራጭ ኮብልስቶኑ መሃል ሰክቶት ያልፋል። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ደግሞ ፈርሶ የተሠራው ብዙ ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ንጹሕ ቢሆንም ጥግ ጥጉን፣ አፈሩ ውስጥ የቀረ ምስማርና ሽቦ አይጠፋም። አጥር ላይ የሚተከለው ጠርሙስም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሲሚንቶው በጊዜ ብዛት ሲፈረፈር ስባሪው የሚወድቀው ውሻው ሲመላለስ በሚውልበት ግቢ ነው።

ሰው የሚደነግጠው በደሙ ነው። የውሻ ውስጥ እግር፣ ጥቁሩ ወፍራም ቆዳ ማለት ነው፣ ከሥሩ ስብና ብዙ ደም ስር ስላለው ትንሽ ተቆርጦ ብዙ ይደማል። ውሻው ዝም ብሎ አይቀመጥምና በረገጠ ቁጥር ቁስሉ ይከፈታል። ሴራሚክ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደም በመዳፍ እየታተመ ሲዳረስ በግ የታረደበት ቤት ይመስላል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ግን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ደም አለው። ቁስሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ወደ ክሊኒክ የሚያስኬደው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስህተት ነው፦ ያልታጠበ ቁስል፣ የተነሰነሰበት ዱቄት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደንብ ያልታሰረ ፋሻ።

ከቁስሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ ማን ቆረጠው? ቁስሉ የሌላ ውሻ ንክሻ ከመሰለ፣ ወይም ውሻው የእናንተ ካልሆነና ክትባቱን የምታውቁት ነገር ከሌለ፣ ይህ የቤት ሥራ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በከተማችን ያለ ነገር ነው፤ በምራቅ ነው የሚተላለፈው። ለራሳችሁ ውሻም ቢሆን ጓንት አድርጉ። በሥራው መሃል ያልተከተበ ወይም የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር የለም።

ቀጥሎ አፉ። ሕጻናት ጭራውን እየጎተቱት ዝም የሚል ውሻ እንኳ ያመመውን ሲነኩበት ይነክሳል። አንድ ሜትር ያህል ፋሻ ወስዳችሁ መሃሉ ላይ ልል ቀለበት ሥሩ፣ አፍንጫው ላይ አጥልቁትና ቋጠሮውን ከላይ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉ። ጫፎቹን አገጩ ሥር አጣልፉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወስዳችሁ ከጆሮው ሥር አንዱን ጫፍ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። የሚያስመልሰው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ውሻ ግን አፉ አይታሰርም። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ አንገቱንና ትከሻውን አቅፎ በጎኑ ያስተኛዋል፣ ሌላው ይሠራል። ያዡ ውሻው የሚያምነው ሰው ይሁን። ብዙ ቤት ይህ ሰው ባለቤቱ ሳይሆን ዘበኛው ነው።

ደሙን ለማቆም ንጹሕ ጎዝ ወይም የተተኮሰ ጨርቅ አጥፋችሁ ጫኑት። አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ በስልክ ሰዓት ይዛችሁ። አብዛኛው ሰው ቆሞ እንደሆነ ለማየት በየግማሽ ደቂቃው ገለጥ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ከጨርቁ ጋር ይነሳና እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ ደርቡ እንጂ የታችኛውን አታንሱ። ስባሪ ጎልቶ ከታየ ላዩን አትጫኑ፣ ዙሪያውን ያዙ። እግሩን በገመድ ጠፍሮ ማሰር ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ቡናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለሚደማ ቁስል የተፈጨ ቡና መነስነስ ስንቱ ቤት የሚታወቅ ነው፤ ውሻ ግን የተቀባውን ሁሉ ይልሳል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፦ ልቡን ያስሮጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ብዙ ከላሰ ያንዘፈዝፈዋል። ባይልሰው እንኳ ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ጋግሮ ኋላ ለማጠብ አሳር ያሳያል። ዱቄት የሚሠራው ደሙ ከጥፍር ጫፍ ሲመጣ ብቻ ነው። የተሰበረ ወይም ከልክ በላይ የተቆረጠ ጥፍር ላይ የበቆሎ ስታርች፣ ካልተገኘ የስንዴ ዱቄት፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጭናችሁ ብትይዙ ይረጋል።

አሁን ማጠቡ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ለብ እስኪል አቀዝቅዙ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ያልተከመረ፣ እንዲያውም ትንሽ ጎደል ያለ፣ አሟሙበት። ይህ ከሰውነት ጨው ጋር የሚቀራረብ 0.9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጨው ሲበዛ ጀርም ይገድላል ብሎ መጨመር ውሻውን ማሰቃየት ብቻ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ኖርማል ሳላይን ካለማ ልፋቱ ቀረ። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በጋለ መርፌ አንድ ቦታ ብሱ፣ የቀዘቀዘውን የጨው ውሃ ሙሉበትና ጨመቅ ስታደርጉት ቀጭን፣ ጉልበት ያለው ውሃ ይተኮሳል። ቆሻሻ የሚያወጣው ይህ ግፊት ነው፤ ከጣሳ የሚንቆረቆር ውሃ ላዩን አርሶ ያልፋል። 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ያለ መርፌውም ያንኑ ይሠራል። ግማሽ ሊትሩን ሳታጋምሱ ጨርሱት። በጥጥ አትጥረጉ፤ ጥጥ ክሩን እዚያው ትቶ ይወጣል።

ከታጠበ በኋላ ጣቶቹን ዘርጋ ዘርጋ እያደረጋችሁ በስልክ መብራት እዩ። የጠርሙስ ስባሪ ውሃና ደም ውስጥ አይታይም። መብራቱን ከጎን ስታዞሩት ብልጭ ሲል ነው የሚያዘው፤ አንዳንዴም ከዓይን በፊት የወረንጦው ጫፍ ሲነካው ቀጭ የምትል ድምፅ ትሰጣለች። ወረንጦውን አፍልታችሁ ወይም በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በገባበት አቅጣጫ መልሳችሁ ሳቡት። ላዩን የማይያዝ ከሆነ አትቆፍሩ፤ የተሰበረ ቁራጭ ወደ ውስጥ የሚገባው በመቆፈር ነው። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ለመቁረጥ መጀመሪያ የራሰ ጎዝ ቁስሉ ላይ አድርጉ፣ ብናኙ እዚያ ውስጥ እንዳይገባ፤ ጫፉ ዱልዱም በሆነ መቀስ ቁረጡ።

የሚያነክስ ሁሉ የተቆረጠ አይደለም። ጭጎጎት በጣቶቹ መሃል ፀጉሩን ቋጥሮ ቆዳውን ይልጣል። መዥገር እዚያው ተጣብቆ ያብጣል። ከክፍለ ሀገር በቅርቡ የመጣ ውሻ ከሆነ ሙጃሌንም አትርሱ፦ ውስጥ እግሩ ላይ ነጣ ያለች እብጠት፣ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ። በመርፌ ቁልፍ ለማውጣት አትታገሉ፤ እብጠቷ ውስጥ እያለች ከፈነዳች ያመረቅዛል። ሐኪሙ ያውጣት።

ከጨው ውሃው በኋላ አንድ ጊዜ ፖቪዶን አዮዲን መጠቀም ጥሩ ነው፤ በጥብጣችሁ ግን። ፋርማሲ የሚሸጠው 10 በመቶው ከሆነ 10 ሚሊ ሊትሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ አቅጥኑት። መልኩ ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት፤ ወፍራም ቡና ከመሰለ በዝቷል። ሳይቀጥን ከተደረገ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን የሚሞላውን አዲስ ሥጋም ይጎዳል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈላ ሲያዩት ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ የሚያፈላው ጤነኛውን ሥጋ ጭምር ነው። አልኮል፣ አረቄ፣ ዴቶልና በረኪና ክፍት ቁስል አጠገብ አይድረሱ። የሕጻናት የሽፍታ ቅባትም ዚንክ ያለበት ከሆነ ለሚልስ እንስሳ መርዝ ነው። ማር? ንጹሕ ማር ውሃ ስለሚስብ ጀርም አያፋፋም፤ ለቁስል የሚሠራው ግን በጨረር የተጣራ የሕክምና ማር ነው። ከገበያ የመጣው ማር ስኳሩ ስንት እጅ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ደግሞም ፋሻው ላይ ጉንዳን ይጠራል።

አሁን ወደ ፋሻው። መጀመሪያ ያስፈልጋል ወይ? የተጫረ፣ ላዩ ብቻ የተላጠ ውስጥ እግር ፋሻ አይፈልግም። ቤት ውስጥ ክፍት ይሁን፤ ለሽንት ሲወጣ ብቻ የሕጻን ካልሲ ይደረግለትና ሲመለስ ይወለቅ። ሲረግጥ አፉ የሚከፈት ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ቁስል ከሆነ ይታሰራል። ጥልቅ ከሆነ ወይም ቆዳው ተገንጥሎ እንደ ክዳን የሚነሳ ከሆነ በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሐኪም ጋ ቢደርስ ይመረጣል። በቆየ ቁጥር ለመስፋት ይከብዳል፤ ውስጥ እግር ደግሞ ሲረገጥ ስለሚሳብ ስፌት በቀላሉ የሚይዝበት ቦታ አይደለም።

ስታስሩ እንዲህ ነው። ቁስሉ ላይ የማይጣበቅ ነገር፦ ፓራፊን ጎዝ፣ ከጠፋ ስስ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ። በሦስቱም የጣት ክፍተቶች ጣት የማታክል ጥቅል ጥጥ አስገቡ፤ ከፍ ብላ ከጎን ያለችው አውራ ጣት ካለችም ከሥሯ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ጣቶቹ ተጣብቀው ሲታሰሩ መዳፉ ያልበዋል (ውሻ የሚያልበው በውስጥ እግሩ ነው)፣ ጥፍር ከጎኑ ያለውን ጣት ይወጋል፣ በሦስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቁስል የባሰ ሌላ ቁስል ይገኛል። ቀጥሎ የጥጥ ጥቅል፦ ከጣቶቹ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እየሸፈነ፣ ከአንጓው በላይ ድረስ፣ ሁለት ሦስት ዙር። መዳፉ ላይ ብቻ የታሰረ ፋሻ ውሻው ሁለቴ ሲያራግፈው ይወልቃል። በጥጡ ላይ ፋሻ፣ በፋሻው ላይ ራሱን የሚይዘው ላስቲክነት ያለው መጠቅለያ። ይህን መጠቅለያ ከጥቅሉ እየጎተታችሁ በቀጥታ አትጠቅልሉ፤ መጀመሪያ ዘርጉትና አላልታችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉት፣ ከዚያ ሳትስቡ አልብሱት። እየተሳበ ከሄደ እንደ ገመድ ነው የሚይዘው፤ ስታስሩት አይታወቅም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እግሩ ሲያብጥ ነው የሚነግራችሁ።

የሁለቱ መሃለኛ ጣቶች ጥፍር ከፊት ብቅ ብሎ ይታይ። እንዳሰራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎቶውን ከእግሩ ጋር አስተያዩ፦ ሁለቱ ጥፍሮች ከፎቶው ይልቅ ተራርቀው ከታዩ ጣቱ አብጧል ማለት ነው፤ ያለ ክርክር ፍቱት። ጣቱን ስትነኩት ከሌላው እግር ጣት ከቀዘቀዘም እንደዚያው። ላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት ጣት ያለ ትግል መግባት አለበት። የመጀመሪያው ቀን በየአራት ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ይታያል። ረጋ ብሎ የነበረ ውሻ ድንገት ፋሻውን መቦጨቅ ከጀመረ «ቅብጠት ነው» አትበሉ፤ ፋሻው አሞታል። የቀን ሁሉ ስህተት ደግሞ ላስቲክ ነው። ካልሲው እንዳይወልቅ የፀጉር ላስቲክ ወይም የብር ላስቲክ እግሩ ላይ የሚያስር ሰው አለ። ፀጉሩ ይሸፍነውና ይረሳል፤ ላስቲኩ ቀስ እያለ ቆዳውን ቆርጦ ይገባል። ካልሲውን በፕላስተር ከፋሻው ጋር አያይዙት፣ ከቆዳው ጋር አይደለም።

ፋሻ ከራሰ ፋሻ አይደለም፤ እርጥበቱን ወደ ቁስሉ ይስባል፣ ጭቃውንም አብሮ። በክረምት ለሽንት ሲወጣ ፌስታል ወይም ባዶ የግሉኮስ ከረጢት አናቱ ተቆርጦ ይለብሳል። የግሉኮሱ ወፍራም ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ቶሎ አይቀደድም። ቤት ሲገባ ወዲያው ይውለቅ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ውስጡ ላብ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፋሻው በየቀኑ ይቀየራል፣ ከዚያ ቁስሉ ከደረቀ በየሁለት ቀኑ። በየቅያሪው የጨው ውሃው ብቻ ይበቃል። ሮዝ ወይም ቀላ ያለ፣ እርጥበት ያለው ሥጋ ከሥር ሲሞላ ደህና ነው። ግራጫ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ አመርቅዟል።

«ውሻ ቁስሉን በምላሱ ያድናል» ይባላል። ምላሱ ሻካራ ነው፣ አፉም ንጹሕ አይደለም። አንገት ላይ የሚደረገው የፕላስቲክ ቀፎ ካልተገኘ የአምስት ሊትር ባልዲ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ አራት ቀዳዳ በስታችሁ ከአንገት ማሰሪያው ጋር በፋሻ እሰሩት። ከአፍንጫው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ውሃ መጠጣቱን ግን ራሳችሁ ቆማችሁ አረጋግጡ። ጠባብ የውሃ ሳህን በዚህ ባልዲ አይደረስበትም፤ ሰፊ ድስት አድርጉለት።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አትስጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱን። ከመሳቢያ የተረፈ አሞክሳሲሊንም አይሆንም፤ መጠኑ በኪሎ ነው የሚለካው፣ ለሁሉም ቁስል ደግሞ አያስፈልግም።

ምስማር ለየት ይላል። ቀዳዳው ትንሽ ናት፣ ደሙም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይናቃል። ላዩ በሁለት ቀን ይደፈንና መግሉ ከሥር ይቋጠራል። እንዲህ ያለውን አትሰሩት፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉትና ጣቶቹን መሃል በደንብ አድርቁ። ውሻ ቲታነስን ከሰው ይልቅ ይቋቋማል፤ ሆኖም ይይዘዋል። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሦስት ሳምንት ጆሮው ቀጥ ብሎ ከደረቀ፣ ግንባሩ ከተጨማደደ፣ አረማመዱ እንጨት ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

15 ደቂቃ ተጭኖ የማይቆም ወይም እየተረጨ የሚወጣ ደም፣ ያለቦታው የዞረ ጣት፣ ውስጥ የቀረ ስባሪ፣ ከአንድ ቀን በላይ እግሩን ጨርሶ አለማስረገጥ፣ ከ39.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት (የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ነው)፦ እነዚህ የቤት አይደሉም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ ለእግር ቁስል ግን ያን ያህል መንገድ አያስፈልግም፣ ከተማው ውስጥ ክሊኒክም ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪምም ይገኛል። ሚኒባስ ውሻ አይጭንም። የራይድ ሾፌር ከመምጣቱ በፊት ደውላችሁ ውሻ እንዳለ ንገሩት፣ ለወንበሩ ብርድ ልብስ ያዙ። አስቀድማችሁ ለሐኪሙ በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ ቁስሉ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፤ ያለዚያ የፎቶ ቁስል ስፋቱ አይታወቅም።

ላዩ የተላጠው በሳምንት ይድናል፤ ጠለቅ ያለው ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አዲሱ ቆዳ ስስና ሮዝ ነው፤ ተጨማሪ አንድ ሳምንት በማሰሪያ፣ በሣርና በለስላሳ መሬት ላይ ብቻ ይሂድ። በዚህ መሃል ግቢውን አጽዱ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በገመድ አስራችሁ አፈሩ ላይ ብትጎትቱት ምስማሩንና የቆርቆሮ ቁራጩን ይለቅማል። ጠርሙስ አያነሳም፤ እሱን ማታ ላይ ባትሪ መሬት ላይ አጋድማችሁ ብርሃኑን በአፈሩ ላይ ስታስሮጡት ብልጭ ብልጭ ከሚልበት በእጅ ትለቅማላችሁ፣ በጓንት።